ድቡ ይቅርታ ሲጠይቅ

አፌን ይዤ ብቀመጥ ምን ነበረበት?

ስድስት ጓደኛሞች ነን። ስድስታችንም የሳይንስ ፊክሽንና የፋንታሲ ፊልም ወዳጆች ነን፤ ነን እንላለን ቢባል ይሻላል። አንድ ማታ ግሩፓችን ላይ ስለ ፊልም ስንከራከር አንዱ "ከምናወራ ብናይ ይሻል ነበር" አለ። ሁሉም ዝም አለ። እኔ ደግሞ ሰው ዝም ሲል ዝም ማለት አልችልም። "በቀን አንድ፣ ለ31 ቀን፣ ከዚህ በፊት ያላየነውን!" ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ሕጉንም ያወጣሁት እኔው ነኝ። ከ1900ዎቹ ጀምሮ ከየአሥር ዓመቱ ቢያንስ አንድ ፊልም። ማፍጠን ክልክል። ስልክ መነካካት ክልክል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ታይቶ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተጽፎበት ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁላችንም አንድ ዓይነት ፊልም እናያለን። ያጎደለ ሰው የፕሮፋይል ፎቶውን ግሩፑ በመረጠለት ይቀይራል፤ ለአንድ ዓመት ሙሉ።

የኔ ፎቶ ቻሌንጁ ሳይጀመር ነው የተመረጠው። አንድ ልደት ላይ ሮቦት ነኝ ብዬ ከራስ ፀጉሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልዬ፣ በር ላይ ተሰንቅሬ የተነሳሁት ነው። አሠሪዬ እንዲያየው አልፈልግም።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ቀልድ አለፈ። ብልጥ ነኝ ብዬ በጆርጅ ሜልየስ "ጉዞ ወደ ጨረቃ" ጀመርኩ። የ1902 ፊልም ነው፤ ሩብ ሰዓት ገደማ። ሊቃውንቱ ጥይት በመሰለ መንኮራኩር ገብተው በመድፍ ይተኮሳሉ፣ ጨረቃዋን ዓይኗ ላይ ይሰኩባታል፣ ይመለሳሉ። አለቀ። ጻፍኩና ተኛሁ። እንዲህ ከሆነማ 31 ቀን ምን አላት?

በሦስተኛው ቀን የፍሪትዝ ላንግን "ሜትሮፖሊስ" አየሁ፤ የ1927ቱን። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ለጥፌ ገና ስልኬን ሳላስቀምጥ አጣሪው መጣ። አጣሪው የምንለው አንዱን ጓደኛችንን ነው። ምንም ፊልም አየሁ ብትሉት አንድ ጥያቄ አለው።

"የትኛውን ቅጂ?"

ቅጂ አለው እንዴ? አለው። ፊልሙ መጀመሪያ ከታየ በኋላ ተቆራርጧል። የተቆረጠው ጠፍቶ ጠፍቶ፣ አብዛኛው በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ ተገኘ። እኔ ያየሁት አጭሩን ነው። ስለዚህ አይቆጠርም ተባለ። "ዓለም 80 ዓመት የጠበቀውን አንተ አንድ ማታ መታገስ አቃተህ?" አለኝ። እንደገና ከሀ ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል።

እማዬ ሁልጊዜ ሶፋው ጥግ ላይ ሹራቧን ይዛ ትቀመጣለች። "አንቺም ታያለሽ እንዴ?" ስላት "እኔ እቴ! የቴሌቪዥኑ ብርሃን ለሥራዬ ይበቃኛል ብዬ ነው" አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ሰባተኛው ቀን ላይ ደክሞኝ ስለነበር አጭር ነገር ፈለግኩ። የክሪስ ማርከር "ላ ዠቴ" 28 ደቂቃ ነው፤ የ1962። ከፈትኩት። የአውሮፕላን ማረፊያ ታየ። ተራኪው ማውራት ጀመረ። ምስሉ ግን ንቅንቅ አይልም። ድምጹ ይሄዳል፣ ምስሉ ቆሟል። እንግዲህ የታወቀ ነው፣ ኔትወርክ!

ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ተመልሼ ስመጣ ሌላ ምስል ላይ ቆሟል። ቢያንስ ወደፊት ሄዷል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ደግሜ አጠፋሁ፣ ደግሜ አበራሁ። አሁንም ሌላ ምስል፣ አሁንም እንደ ሐውልት። ደሜ ፈላ። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዬ ጋ ደወልኩ።

"ሌላ ቪዲዮ ይሠራልዎታል?" አለችኝ ልጅቷ በትሕትና።

"ይሠራል።"

"እንግዲያው ችግሩ የቪዲዮው ይሆናል።"

"እህቴ፣ ሰውየው እኮ እየተረከ ነው! ምስሉ ነው አልንቀሳቀስ ያለው!"

"ገመዱን ነቅለው መልሰው ይሰኩት እስቲ።"

ስልኩን በትከሻዬ አጣብቄ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። አቧራው አያድርስ ነው። ገመዱን እየታገልኩ ሳለ እማዬ ከላይ "ዓይኗን ገለጠች" አለች።

"ማን?"

"ልጅቷ።"

የትኛዋ ልጅ ብዬ ላጣራ ጊዜ አልነበረኝም። ስወጣ ፊልሙ ወደ ማለቁ ነበር፤ አሁንም ቆሟል። ግሩፑ ላይ "ዛሬ በኔትወርክ ችግር ምክንያት ፊልሙን በፎቶ ብቻ ነው ያየሁት" ብዬ ጻፍኩ።

አጣሪው ለመሳቅ አሥር ደቂቃ ያህል ወሰደበት። ከዚያ አስረዳኝ። ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፎቶግራፍ የተሠራ ነው። የሚንቀሳቀሰው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ። ተኝታ የነበረችው ሴት ዓይኗን ትገልጣለች። ሰው ይቺን ቅጽበት ለማየት ነው ያን ሁሉ ፎቶ የሚታገሰው። እኔ ያኔ ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ።

መልሼ ማየት እችል ነበር። ግን አኩርፌያለሁ። በማግስቱ የደንበኞች አገልግሎቷ ልጅ ችግሩ ተፈትቶ እንደሆነ ለመጠየቅ ደወለች። "ተፈቷል፣ ኔትወርኬን ቀየርኩት" አልኳት። ምን ልበላት?

ከዚያ ወዲያ ማልኩ። ዳይሬክተር ያደረገውን አልጠራጠርም። ቢቆምም ቆመ፣ ቢጨልምም ጨለመ፤ ጥበብ ነው።

በ12ኛው ቀን የስታንሊ ኩብሪክ ተራ ደረሰ፤ የ1968ቱ "2001፦ ስፔስ ኦዲሲ"። አዎ፣ አላየሁትም ነበር። አጣሪው አስቀድሞ "የመጀመሪያዎቹን 25 ደቂቃ ገደማ ማንም ቃል አይተነፍስም፣ ራውተር እንዳትነካ" ብሎ አስጠነቀቀኝ። ዝግጁ ነበርኩ።

ሲጀምር ጥቁር ነው። ዝም። ጥበብ። ከዚያ የጥንት ሰው መሳይ ዝንጀሮዎች አፋቸውን በልቅጠው ይጮኻሉ፤ ድምጽ የለም። ጥበብ። አንዱ አጥንት ወደ ሰማይ ወረወረ። ዝም። ሰውነቴን ወረረኝ። 25 ደቂቃው አለፈና ሰዎች መጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምጽ ግን ወፍ የለም። ትንሽ ግራ ገባኝና ወዲያው በራልኝ። ህዋ ላይ አየር የለም! አየር ከሌለ ድምጽ አይጓዝም! ይሄ ነው እንጂ ሳይንስ! ሌሎቹ ፊልሞች በባዶ ህዋ ውስጥ ፍንዳታ ያሰማሉ፤ ይሄ ሰው ግን የፊዚክስ ሕግ አክብሮ ፊልሙን በሙሉ ድምጽ አልባ አደረገው። መንኮራኩሩ ውስጥ ሆነው ሲያወሩስ? እሱን አላሰብኩበትም። ወይም አስቤ አልፌዋለሁ።

ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ በአድናቆት ተቀመጥኩ። እማዬ ያን ዕለት አመም ስላደረጋት ማድ ቤት አጠገብ ያለው ክፍሏ ገብታ ተኝታ ነበር። በድንገት ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ሳሎን ገባች።

"ተነስ። ማድ ቤት ውስጥ ሰው አለ።"

"ምን ያደርጋል?"

"ይተነፍሳል።"

መጥረጊያውን ይዤ ከፊት፣ እሷ የሹራብ መርፌዋን ይዛ ከኋላ። እውነቷን ነው። ጨለማው ውስጥ አንድ ሰው በረጅሙ አየር ይስባል፣ ይተፋል። እግሬ ከዳኝ። መብራቱን ሳበራው ማንም የለም። መደርደሪያው ላይ የኔ ብሉቱዝ ስፒከር ሰማያዊ መብራቱን እያበራ ቁጭ ብሏል። ቲቪው ከጠዋቱ ጀምሮ ከሱ ጋር እንደተገናኘ ነው። የሚተነፍሰው ከመንኮራኩሩ ውጭ የወጣው ጠፈርተኛ ነው።

"ቅድምማ ሙዚቃው እንዴት ደስ ይል ነበር" አለች እማዬ ተረጋግታ። "ጎረቤት ድግስ አለ ብዬ ነበር። ኋላ ሙዚቃው ቆመና ሰውየው መተንፈስ ጀመረ።"

ፊልሙ ውስጥ ሃል የሚባል ኮምፒውተር አለ። ጠፈርተኞቹ እንዳይሰማቸው ተደብቀው ሲያወሩ ከንፈራቸውን አይቶ ወሬያቸውን ያነባል። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ የሱን ሥራ ስሠራ ነበር። ልዩነታችን እሱ ገብቶታል።

ይሄንን ለግሩፑ አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ።

17ኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ የጋራ ፊልም። የአንድሬ ታርኮቭስኪ "ሶላሪስ"፣ የ1972፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ያህል የሚቀረው። ቀን ሥራ፣ ማታ ህዋ እያልኩ ዓይኔ ሥር ሁለት ጉድጓድ ተቆፍሯል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ በትልቅ ከተማ አውራ ጎዳና ላይ የሚሄድበት ትዕይንት አለ፤ የተቀረጸው ቶኪዮ ነው። ይሄዳል። አሁንም ይሄዳል። ለደቂቃዎች ምንም የለም፣ መንገድ ብቻ። መኪናው ዋሻ ገባ። እኔም አብሬ ገባሁ።

ስነቃ 6 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ ድብ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይቅርታ ይለምናል። ወዲያው የሠሪዎቹ ስም መውረድ ጀመረ። ለማሰብ ጊዜ የለም። ጻፍኩ፦

"ዝግ ብሎ የሚሄድ ጥልቅ ፊልም ነው። ሰው ህዋ ድረስ ሄዶ የሚያገኘው ራሱን ነው። በተለይ መጨረሻ ላይ ድቡ ተንበርክኮ ይቅርታ ሲጠይቅ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።"

ለጠፍኩና ልቤ መምታት ጀመረ። ድብ? ወዲያው መልስ መጣ።

"ድቡ! ልቤን ነው የሰበረው።"

ተመስገን፣ ድብ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ፈላስፋው የምንለው ጓደኛችን መጣ። "ድቡ የሰው ልጅ ጸጸት ነው። ታርኮቭስኪ እንስሳ በከንቱ አያስገባም።" ሦስተኛው የሚያለቅስ ፊት አራቴ ደርድሮ "የድቡ ድምጽ እኮ!" አለ። በመጨረሻ አጣሪው ጻፈ።

"እኔ ያየሁት ረጅሙን ቅጂ ነው። እዚያ ላይ ድቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል።"

እፎይ ብዬ ወደ እማዬ ዞርኩ። "ድቡ አያሳዝንም?"

ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "የምን ድብ? ድቡማ ያኛው ካለቀ በኋላ በራሱ ጊዜ የመጣው የልጆች ፊልም ነው።"

"ያኛውስ?"

"ያኛውማ ሰውየው ሚስቱ ሞታበታለች። እዚያ ያለው ባሕር የልቡን አይቶ መልሶ ላከለት። ግን እሷ አይደለችም። አለመሆኗን ደግሞ ራሷም ታውቃለች። ምን ያድርግ እሱ? እንዴት ብሎ ይመልሳት? አንተ ታንኮራፋለህ።"

ድምጿን ሳትሰማኝ ቀርጬው ነበር። ለምን እንደላክሁት አላውቅም፤ ብቻዬን ከምሰጥም ብዬ ይመስለኛል። ግሩፑ ላይ "እየጻፈ ነው" ይላል፣ ይጠፋል። "እየጻፈ ነው" ይላል፣ ይጠፋል። ከዚያ ኑዛዜው ጎረፈ። አንዱ ከመጀመሪያውም ማጠቃለያ እያነበበ ነበር የሚጽፈው። ፈላስፋው ከ9ኛው ቀን ጀምሮ አንድም ፊልም አላየም። አጣሪው ደግሞ፣ ይሄን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል፣ "ሜትሮፖሊስ"ን በየትኛውም ቅጂ አይቶት አያውቅም። ስድስተኛው ጓደኛችን መልስ አልሰጠም። ተኝቷል። ከሁላችንም እውነተኛው እሱ ሆነ።

በማግስቱ እማዬን ዳኛ አድርገን ግሩፑ ውስጥ አስገባናት። ፍርዷ አጭር ነበር። ከ18 እስከ 31 ያለውን በሐቅ ያየ ይማራል፤ ያላየ ፎቶው ይለጠፋል። ማታ ማታ በድምጽ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጥያቄ ትልካለች። "ልጄ፣ ቀለበቱን መጀመሪያ ያገኘው ማን ነበር?" "ልጄ፣ ውሻው የት ደረሰ?" ያልመለሰ ደግሞ ያያል። አጣሪው ሁለት ጊዜ ደግሟል። ሁለተኛውን እኔ ነኝ የጠቆምኩት።

31ኛው ቀን። የቀለበቱ ታሪክ፣ የ"ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" ሦስተኛ ክፍል፣ የ2003ቱ። የፋንታሲ ወዳጅ ነኝ እያልኩ ሦስቱንም አላየኋቸውም ነበር፤ ለማንም እንዳትናገሩብኝ። ሁለቱን በዚያው ሳምንት ከእማዬ ጋር ጨርሰናል። አጣሪው እልህ ይዞት "ረጅሙን ቅጂ ነው የምታየው" አለ፤ ከአራት ሰዓት በላይ ነው። እማዬም "ረጅሙን" ብላ አጸደቀች። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀመጥን። ብዬ ብዬ አስልቼዋለሁ፤ ለሦስቱ ዓረፍተ ነገር ጥቂት ደቂቃ ይተርፈኛል።

5 ሰዓት ገደማ ፈረሰኞቹ ሲግተለተሉ አንድ ፈረስ ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶ መጣ። ዓይኑን ጨፈነ። ቆመ።

ጠበቅኩ። ፈረሱ እንደጨፈነ ነው። ራውተሩን አየሁት። ራውተሩም ቀይ መብራቱን እያበራ አየኝ። ሰዓቱን አየሁ። በር ላይ የተሰነቀረው ሮቦት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ቀስ ብዬ ከሶፋው ብድግ አልኩ።

"እማዬ፣ ቆሟል መሰለኝ።"

እጄን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። ዓይኗ ከስክሪኑ አልተነቀለም።

"ዝም ብለህ እይ። አሁን ዓይኑን ይገልጣል።"