17ኛው ቃል

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ የጠዋቱን ዜና እወጃ አዘጋጅ ነበር። ወሩ ነሐሴ፣ ዕለቱም የደሴ ገበያ የሚቆምበት ሰኞ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ በማደሩ በሐረጎ ቁልቁለት ናዳ ወርዶ የደሴ ኮምቦልቻ መንገድ ተዘግቷል የሚል ወሬ በፌስቡክ ሲዞር አደረ። ወሬው ለማመን የሚከብድ አልነበረም። ሁለቱ ከተሞች በመንገድ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም በመካከላቸው ከ500 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ፤ ክረምት ሲበረታ የዚያ አካባቢ አፈር እንደሚንሸራተት ደግሞ ነዋሪው ሁሉ ያውቃል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቢሮ ገብቼ መንገዱን ወደሚከታተል ጽሕፈት ቤት ደወልሁ፤ ቀጥሎም ሐረጎን አልፎ ገና ደሴ ለገባ የጭነት መኪና ሹፌር። ሁለቱም መንገዱ ክፍት እንደሆነ ነገሩኝ። መረጃውን ከሁለት ወገን ካጣራሁ በኋላ እንዲህ ስል ጻፍሁ፦

«ትናንት ምሽት በአካባቢው በጣለው ከባድ ዝናብ ሳቢያ በሐረጎ ቁልቁለት ናዳ ተከስቶ የደሴ ኮምቦልቻ መንገድ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል በሚል በማኅበራዊ ሚዲያ እየተሰራጨ ያለው መረጃ ከእውነት የራቀ መሆኑን የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አስታወቀ።»

የእኛ ዜና እወጃ 10 ደቂቃ ይወስዳል። መጀመሪያ አርዕስተ ዜናው ይነበባል፣ ዝርዝሩ ይከተላል፣ በመጨረሻም ሬዲዮኑን ዘግይቶ ለከፈተ አድማጭ ሲባል አርዕስቱ ይደገማል። ይህ ዜና የዕለቱ ቀዳሚ ስለ ነበር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በአርዕስቱም፣ በዝርዝሩም፣ በድጋሚውም ተነበበ።

ወደ 4 ሰዓት ገደማ የዜና ክፍሉ ስልክ ጠራ። የደወሉት በኮምቦልቻ የሚኖሩ እናት ነበሩ። የታመመ ልጃቸውን ለሐኪም ቀጠሮ ወደ ደሴ ለማምጣት በማለዳ መናኸሪያ ደርሰው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ የእኛ ዜና ከሹፌሩ ሬዲዮ ተሰማ፤ ተሳፋሪው መውረድ ሲጀምር እሳቸውም ልጃቸውን ደግፈው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። መንገዱ ክፍት እንደ ነበር ያወቁት ጎረቤታቸው ከደሴ ደርሶ ሲመጣ ነው። እኔም ዜናው የሚለው መንገዱ አልተዘጋም እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርሁ። እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ «ልጄ፣ ወሬውንስ ማታም ሰምቼው አላመንሁትም ነበር። እናንተ ስትሉት ነው የተመለስሁት» አሉኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብሁት፤ የተሳሳተ ነገር አላገኘሁበትም። ዋና አዘጋጃችን ግን ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው የተቀዳውን ድምፅ አስከፈቱ፤ በረንዳው ላይ ቡና የምታፈላልንን እኅትም ጠርተው «እስኪ ጆሮሽን አውሺን» አሏት። ሥራዋን ሳታቋርጥ አዳመጠችና ምን እንደ ሰማች ሲጠይቋት «መንገዱ ተዘግቷል ነው የሚለው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ፍሙን ሳራግብ አልሰማሁትም» አለች።

ያን ጊዜ ቃላቱን መቁጠር ጀመርን። ዐረፍተ ነገሩ 30 ቃላት አሉት። «ተዘግቷል» 17ኛው ቃል ሲሆን «ከእውነት የራቀ» የሚለው የሚመጣው ከ24ኛው ቃል ጀምሮ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ተዘግቷል» ማሰሪያ አንቀጽ መሆኑ ነው። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ፍቺው ከመጨረሻው ላይ ስለሚገኝ ጆሯችን ማሰሪያውን ሲጠብቅ ይቆያል፤ አንዱን ሲያገኝ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ዜና አንባቢዋም እዚያው ላይ ትንፋሽ ወስዳ ነበር፤ በ30 ቃላት መካከል የሆነ ቦታ መተንፈስ ግድ ስለሚል አልፈርድባትም። በወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ የሌላ ሰው ቃል መሆኑን በትዕምርተ ጥቅስ ማሳየት ይቻል ነበር፤ በአየር ላይ ግን ትዕምርተ ጥቅስ አይሰማም፣ የሚሰማው የጣቢያው ድምፅ ነው። በዚህ ላይ የኤፍኤም ሞገድ ተራራ ሲጋርደው ስለሚቆራረጥ፣ በሐረጎ ጥምዝምዝ ላይ የሚጓዝ ሹፌር የዐረፍተ ነገሩን ግማሽ ብቻ ቢሰማ የሚያስገርም አይደለም።

የባለሥልጣን ንግግርን «ሲሉ ገለጹ» በሚል ማሰሪያ የመጨረስ ልማዳችንም ከዚሁ ችግር አያመልጥም፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ አስተያየቱ የጣቢያው አቋም ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ከዚያ ቀን ወዲህ ተናጋሪውን አስቀድሜ መጥራትን፣ አንዱን ረጅም ዐረፍተ ነገር ሦስት ማድረግንና ማንኛውንም ዜና ለአንባቢ ከመስጠቴ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብን የሥራዬ ግዴታ አደረግሁ። ማስተባበያ ስጽፍ ደግሞ እውነቱን አስቀድሜ፣ ወሬውን ወደ መጨረሻ እወስደዋለሁ፤ በተቻለኝ መጠንም የወሬውን ቃል አልደግምም።

ይህን በአንድ ጊዜ የተማርሁት እንዳይመስል፣ በዚያው ዕለት ለቀኑ ዜና እወጃ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያ ማረሚያ «በጠዋቱ ዜናችን መንገዱ ተዘግቷል በሚል የተላለፈው» ብሎ ይጀምር ነበር። ዋና አዘጋጁ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙትና «ሦስት ጊዜ ያልነው አይበቃም? ለአራተኛ ጊዜ ልንለው ነው?» አሉኝ። እንደገና ተቀምጬ እንዲህ ጻፍሁት፦

«የደሴ ኮምቦልቻ መንገድ ክፍት ነው። ተሽከርካሪዎች ከማለዳው ጀምሮ በሐረጎ በኩል በሁለቱም አቅጣጫ በመመላለስ ላይ ናቸው። የጠዋቱ ዜናችን ይህን በግልጽ ባለማስረዳቱ ከጉዞ የተስተጓጎላችሁ አድማጮቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

አንባቢዋ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለ ጭንቀት እየተነፈሰች አነበበችው። ሰዓቱ ከቀኑ 6 ነበር። የእኒያ እናት ልጅ ቀጠሮ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አልፎ ነበር።