ከአዲስ አበባ እስከ ሐይቅ፦ ሰባት ቀን በሳይክል

«እንግዲያው ደሴ እንሂድ» አለኝ ጓደኛዬ። የአንድ ሳምንት የዓመት ፈቃድ እንዳለኝ ነግሬው ቡና እየጠጣን ነበር።

«በሳይክል?»

«እና በምን ልትሄድ ነበር?»

እሱ መቀሌ ነው ያደገው። እዚያ ልጅ ከሳይክል ጋር አብሮ ነው የሚያድገው። ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም የዚያው ከተማ ልጅ ነው። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ሳይክል የማውቀው በሰዓት ተከራይቼ ሰፈር ውስጥ ስዞርበት ነው። ያገለገለች ኮርሳ (ቀጭን ጎማ ያላት የውድድር ሳይክል) የገዛሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ስለዚህ ደሴ ማለት ለእኔ 400 ኪሎ ሜትር፣ ያውም ተራራ፣ ያውም በራሴ እግር ማለት ነበር።

ይህን ያወራነው በ2011 ዓ.ም. መስከረም ነው። የወጣነው ጥቅምት አጋማሽ ላይ። ለዚህ መንገድ ከጥቅምት የተሻለ ወር አላውቅም። ዝናቡ አባርቷል፣ አስፋልቱ ደርቋል፣ ማሳው ግን ገና አልታጨደም።

በመሃል አራት ሳምንት ነበረኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ሌሊት እየተነሳሁ እንጦጦ ወጣሁ። ለሳንባም ለጭንም ጠቅሞኛል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። ሁሌም ስለ ዳገቱ ብቻ ነበር የማስበው። ቁልቁለቱን ማንም ይወርደዋል ብዬ ልምምድ ውስጥም አላስገባሁትም።

ጓደኛዬ ሳይክሌን አገላብጦ አየና የኋላ ማርሼን ጥርስ ቆጠረ። ትልቁ 25 ነው። የኋላው ጥርስ በበዛ ቁጥር ዳገት ይቀላል። «በዚህ ሐረጎን፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ዳገት፣ አትወጣም» አለኝ። ባለ 32 ጥርስ አስገጠምን፤ ማርሽ መቀየሪያውም ረጅሙ እንዲሆን ግድ ስለነበር አብሮ ተቀየረ። ወጪው አንገብግቦኝ ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ ግን እያንዳንዷ ጥርስ ምን እንደምትሠራ አየሁ። ተራራ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ እዚህ ላይ ያውጣ።

የመጀመሪያው ቀን እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን እየዘፈንኩ ነው ያለፍኩት። ጓደኛዬ ከኋላ «ቀስ በል፣ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው» ይለኛል። አልሰማሁትም። ሸኖ ስንደርስ ከምሥራቅ ነፋስ ተነሳ፤ ፊት ለፊት። ከሸኖ አልፈን ጫጫ ስንቃረብ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላብ ላብ አለኝ፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ፣ እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ የበላሁት አንድ ዳቦ በሻይ ነው። እንደምንም ወርጄ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ አንዲት እናት ቆም አሉ። ሳይክሉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ማን አባረረህ ልጄ?»

ጓደኛዬ ሁኔታዬን አስረዳቸው። እሳቸው ምንም ሳይሉ ወደ ቤታቸው ገቡና በጣሳ በሶ በጥብጠው መጡ። ጨው ጣል ያደረጉበት፣ ወፍራም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኔ በራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ በሶ ወጥቼ አላውቅም። ማታ ማታ በማርና በትንሽ ጨው ጭብጦ አድርገን በላስቲክ እንጠቀልላለን፤ በየአርባ ደቂቃው አንድ አንድ እንጎርሳለን። ዋናው ነገር ሳይርብ መብላት ነው። ከራበ በኋላ የሚበላው ለዚያ ዳገት አይደርስም።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ለዚህ ነው። ጥብሳችንን በልተን በሁለት ብርድ ልብስ ተኛን።

በማግስቱ ጣርማ በር። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ሜዳው ቀስ እያለ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ዳገት መሆኑን የምታውቀው በትንፋሽህ ነው። ከዚያ ድንገት መሬቱ ያልቃል። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆፈረው ዋሻ አለ፤ ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ውስጡ ጨለማና እርጥብ ነው። ሲኖትራክ ከኋላ ሲገባ ድምፁ ግድግዳውን ይመታና ከየት እንደመጣ አይለይም። የኋላ መብራት ቀንም ቢሆን እንደሚያስፈልግ እዚያ ተማርኩ። ዋሻው ደጃፍ ላይ ቆመን መኪናዎቹ እስኪያልፉ ጠበቅን፤ ክፍተት ስናገኝ ሁለታችንም መብራታችንን አብርተን ተከታትለን ገባን።

ስንወጣ ጓደኛዬ ከሻንጣው የቆየ ጋዜጣ አወጣ። «ደረትህ ላይ አድርግ» አለኝ። ከሸሚዙ በታች ከተትኩት። በላብ የረጠበ ሰው ከዚያ ከፍታ ላይ ሲወርድ ነፋሱ እንደ ቢላ ነው የሚገባው። ያቺ አንድ ወረቀት ከጃኬቴ በላይ ጠቅማኛለች። ደብረ ሲና እንደደረስን አውጥተን ጣልናትና የታወቀውን የከተማዋን ቆሎ በኪሳችን ሞላን።

ሦስተኛው ቀን ነው ያስተማረኝ። ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት ድረስ መንገዱ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጠዋት ጓንት አድርገህ ትነሳለህ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ማንጎ የሚሸጥበት ሙቀት ውስጥ ነህ። እኔ ፈራሁ። ፈርቼ ደግሞ ፍሬኑን ጨምድጄ ያዝኩ፤ ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር ሳልለቅ። የፊቱ ቸርኬ ጋለ። አንድ ጥምዝ ላይ ልገባ ስል እንደ ጥይት ጮኸ። ካላማዳሪው ፈነዳ። ሳይክሉ ተወላገደ፣ እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። ጥምዙ ውስጥ ብሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ጓደኛዬ ቸርኬውን በጣቱ ነካና ቶሎ መለሰ። ከዚያ መንገድ ዳር ቆመን አወራረድ አስተማረኝ። ፍሬን ከጥምዙ በፊት ነው የሚያዘው፤ ጠበቅ አድርገህ ትይዛለህ፣ ፍጥነትህን ትጨርሳለህ፣ ከዚያ ለቀቅ አድርገህ ትዞራለህ። የፊትና የኋላውን እያፈራረቁ ማሳረፍ። ዓይን የሚያየው ጎማው ሥር ሳይሆን ጥምዙ የሚያልቅበትን ነው። እንጦጦ ላይ አንድ ጠዋት ለዚህ ብሰጥ ኖሮ ምን ነበረበት?

ትርፍ ካላማዳሪዬን ቀየርኩና ቀጠልን። አጣዬ ልንገባ አምስት ኪሎ ሜትር ሲቀረን ደግሞ የግራር እሾህ ወጋኝ። እሱን በማስቲሽ ለጠፍኩ። ልነፋ ስል የእጅ ፓምፓችን እጄ ላይ ተሰበረ። ሳይክሌን እየገፋሁ ከተማ ገባሁ።

አስፋልቱ ዳር አንድ ጎሚስታ አገኘን። ኮምፕሬሰር አለው፣ ግን የኮርሳ ቫልቭ ቀጭን ነው፤ የመኪናው አፍ አይይዘውም። ነፋሱ በጎን ያመልጣል። ሁለት ሦስቴ ሞከረ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ቫልቩን ዝም ብሎ አየው። የቫልቩን የፕላስቲክ ክዳን ስጠኝ አለኝ። ጫፏን በምላጭ ቀጨም አድርጎ ቆረጣት፤ ቀዳዳ ሆነች። የቫልቩን ትንሽ ብሎን ላላ አደረገ፣ ክዳኗን ገልብጦ ጫፉ ላይ ሰካት። ኮምፕሬሰሩን ሲያስጠጋው ልክ ገጠመ። ፉ… አለና ጎማው እንደ ድንጋይ ሆነ።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«ቸግሮኝ ነዋ። ሳይክል ይዛችሁ የምትመጡት እናንተ ናችሁ፣ ቫልቩ ግን አይገባልኝም።»

ገንዘብ አልቀበልም አለ። ሻይ ጋበዝነው፣ ስልክ ተለዋወጥን። ቫልቭ አስማሚ የምትባል የናስ ጌጥ የምታህል ነገር እንዳለች ነገርኩት፤ አዲስ አበባ ስገባ ገዝቼ በሰው እልክልሃለሁ አልኩት። ክዳኗን አንተ ያዛት፣ መንገድ ላይ ትጠቅምሃለች ብሎ ሰጠኝ።

አራተኛው ቀን ረጅም ግን ቀላል ነበር። ሙቀቱን ሽሽት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሳን። ከሚሴ ላይ ግመሎቹን እያየን ብርቱካን በላን፣ ከሰዓት ኮምቦልቻ።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሐረጎ የሚባለው እዚህ ነው። መንገዱ ተራራው ላይ ይጠማዘዛል፣ ይጠማዘዛል፣ አያልቅም። እኔ በዚያች በ32 ጥርስ ላይ ሆኜ፣ እያወራሁ፣ በሶዬን እየጎረስኩ ወጣሁ። ከጭነት መኪና ኋላ ተንጠልጥለው የሚወጡ ልጆች አየን። ጓደኛዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው የተቆጣው። «ወንድሜን እንዲህ ሲሄድ ነው ያጣነው» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ላይ ድረስ አላወራም። አንድ ትንሽ ልጅ በባዶ እግሩ ጎኔ እየሮጠ «አይዞህ፣ በርታ!» ይለኛል። ሁለት ጥምዝ አብሮኝ ወጣ፤ አንድም ጊዜ አላለከለከም። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳየው እንባዬ መጣ።

የቀረው ሽልማት ነው። ስድስተኛው ቀን ወደ ሐይቅ ወረድን፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል። ውኃው ዳር የተጠበሰ ዓሣ በላን፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄድን፣ ተኛን። ቁልቁለቱን የወረድኩት ፍሬኔን ሳልጨመድድ ነው። በሰባተኛው ቀን ያንኑ ተመልሰን ወጣንና ሳይክሎቻችን በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ታስረው አዲስ አበባ ገባን።

አስማሚውን ገዛሁ። በሰው እልካለሁ እያልኩ ግን ሳልልክ ወራት፣ ከዚያም ዓመታት አለፉ። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል ዜናውን የሰማሁት ሥራ ቦታ ሆኜ ነው። ወዲያው ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ ነው። በአምስተኛው ቀን አነሳው። ደብረ ብርሃን ነው፤ ቤተሰቡን ይዞ ወጥቷል። ሱቁ የለም፣ ኮምፕሬሰሩም የለም። ምን እንደምለው ጠፋኝ። ማንነቴን ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «ባለ ሳይክሉ!» አለ። «ክዳኗ አለች?»

አለች። ከኮርቻዬ ሥር ባለችው ቦርሳ ውስጥ ናት፤ ከአስማሚው ጋር።