ሦስት ጠዋት ቦዬ ዳር

ጅማ የገባሁት አመሻሹ ላይ ነው፤ ዝናብ እየጣለ። ከአዲስ አበባ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ሙቀቱ የአውቶቡሱን መስኮት ሁሉ ያስከፍታል። ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ አገሩም እየለመለመ ይሄዳል።

አክስቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ወፍ ለማየት ነው የመጣሁት ስላት ጀበናውን አስቀምጣ አየችኝ። "ለወፍ? ታዲያ አዲስ አበባ ወፍ የለም እንዴ የኔ ልጅ?"

መልሱን ጠዋት ከጣሪያዋ ሰማሁት። ገና ሳይነጋ ቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር ዱብ አለ። ቀጥሎ እየተንቀጠቀጠ የሚያስካካ ጩኸት ግቢውን ሞላው። ጋቢ ለብሼ ወጣሁ። ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ጉሮሮው ላይ ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ነው። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አይገኝም። እሱን ለማየት ብሎ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ። አክስቴ "እሱማ ሁልጊዜ ነው የሚቀሰቅሰኝ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ሚያዝያ ነበር። ጸደይ ሲባል ብዙዎቻችን መስከረምንና አደይ አበባን ነው የምናስበው። በዘመን አቆጣጠራችን ግን ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ጅማ ላይ ይህ ልክ ሆኖ ይታያል። በልጉ ዘንቦ መሬቱ ረጥቧል። ከአክስቴ ቤት ጀርባ ያሉት ጥቂት የቡና ዛፎች ቅርንጫፋቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። የቡና አበባ ዕድሜው ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ እኔ በደረስኩበት ቀን መድረሱ ዕድል ነው። ንቦቹ ከሽታው ላይ አልነሣ ብለዋል።

ከቡናው በላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። እዚያ ላይ ነው ያንን አረንጓዴ ወፍ ያየሁት። አስቀድሜ ድምፁን ሰማሁ፤ ወፍራም፣ እንደ ዝንጀሮ ያለ። ቀና ስል ቅጠል የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ወፉ አይበርም፤ በቅርንጫፉ ላይ በእግሩ ይሮጣል። ዐይኑ አጠገብ ነጭ አለው። አንዲት ፍሬ ቀጠፈ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ዋጣት። ከዚያ ወደ ጎረቤት ዛፍ ሲሻገር ክንፉን ዘረጋ፤ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነው! ሲያርፍ ቀዩ ጠፋ። መልሶ ቅጠል ሆነ። ቀለሙን ቀይ የሚያደርገው መዳብ ነው። ከሚበላው ምግብ ያገኘውን መዳብ ላባው ውስጥ ያከማቻል። ይህን ቀድሜም አውቀው ነበር። ግን ከአምስት ሜትር ርቀት ማየት ሌላ ነገር ነው።

እዚያው ሾላ ላይ ጉሬዛዎች ነበሩ። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነበት የሚመስል ጥቁርና ነጭ ትልቅ ወፍም መጣ፤ ክንፉ ሲመታ ነፋስ እንደገባበት ሸራ ይጮኻል። የዚህን ወፍ ጋብቻ እወደዋለሁ። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይደፈናል። ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ትቀራለች። ልጆቹ እስኪያድጉ ወንዱ በዚያች ስንጥቅ ፍሬ ያጎርሳታል።

ዋናው የመጣሁበት ግን ቦዬ ነው።

ቦዬ ከተማው ዳር ያለ ረግረግ ነው። የጅማን መሐል ሰንጥቆ የሚያልፈው አዌቱ ወንዝ የከተማውን ጣጣ ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል። ቦዬ ላይ ሲደርስ ይረጋል፤ ሣሩና ደንገሉ ያጠሩታል። ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል። ጉማሬም አለው። ከተማ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ልሥራ ቢል ስንት ብር ይፈጅበት ነበር!

የአክስቴ ልጅ ባጃጅ አለው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር አወረደኝና "ስትጨርሺ ደውዪልኝ" ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ጉም ነበር። ባይኖኩላሬን አንጠልጥዬ ወደ ውኃው መራመድ ጀመርኩ። ገና ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ሳቢሳዎቹ በአንድ ላይ ተነሡ። ትንሽ ቆይቼ በሌላ በኩል ሞከርኩ፤ ዳክዬዎቹ ሄዱ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ተውጦ በካልሲ ቀረሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ያየሁት ጅራታቸውን ብቻ ነው ብል ይቀለኛል።

በሁለተኛው ጠዋት ከብት የሚጠብቅ ልጅ አገኘሁ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በኦሮምኛ አካም ተባብለን ስንጨርስ ቆም ብሎ ተመለከተኝ። ከዚያ በአማርኛው "እትዬ፣ ቁጭ ይበሉ" አለኝ። "ሲምቢሮ ቆሞ የሚያያትን ሰው ትፈራለች።" ወፍን ማለቱ ነው። የለበሰውን ፌስታል አውልቆ እርጥቡ ሣር ላይ አነጠፈልኝ። ከከብቶቹ ኋላ ተቀመጥን። ወፎቹ ከብት አይፈሩም፤ ሳቢሳ እንዲያውም ከላም እግር ሥር አይጠፋም፤ ላሟ ስትረግጥ የሚፈናጠረውን ፌንጣ ይለቅማል።

ምናልባት ግማሽ ሰዓት ተቀምጠን ይሆናል። ጉሙ መነሣት ሲጀምር ልጁ ክንዴን ነካ አደረገኝ።

ሰባት ነበሩ። ቁመታቸው አንድ ሜትር የሚሆን፣ ገላቸው ጥቁር፣ ጉንጫቸው ነጭና ቀይ። ራሳቸው ላይ እንደ ስንዴ ነዶ የቆመ ወርቃማ ዘውድ ደፍተዋል። አንዱ ሣሩን በእግሩ ይመታል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አንገቱን ያቀረቅራል። ፌንጣው ሲነሣ ቶሎ ይለቅመዋል። እንደገና ጠብ፣ ጠብ። ላም የላቸውም፤ የላሟን ሥራ በራሳቸው እግር ይሠራሉ። ወዲያው ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። አንዱ እጅ እንደሚነሣ ሰው ጎንበስ አለ። ክንፉን ዘርግቶ ወደ ላይ ዘለለ፤ የክንፉ ነጭ ብልጭ አለ። ሌላውም ዘለለ። ድምፅ የለም፤ የሣሩ መንኮሻኮሽ ብቻ። ባይኖኩላሩ እጄ ላይ ነበር፤ ለዐይኔ ማቅረቡን ረሳሁት።

እነዚህ ወፎች (በእንግሊዝኛ ብላክ ክራውንድ ክሬን ይባላሉ) በዓለም ደረጃ ለአደጋ ተጋላጭ ከተባሉት ዝርያዎች መካከል ናቸው። ከሌሎቹ የክሬን ዘመዶቻቸው የሚለዩት ዛፍ ላይ ማደር በመቻላቸው ነው፤ የኋላ ጣታቸው ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። ጎጇቸውን ግን መሬት ላይ፣ ውኃ የከበበው ረጅም ሣር ውስጥ ነው የሚሠሩት። ሣሩ ከሌለ፣ ውኃው ከደረቀ፣ ዛፍ ብቻውን አያዋልዳቸውም።

ለዚህ ነው ቦዬን ዞሬ ሳይ ሆዴ የተላወሰው። ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ይዞታል። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፤ ረግረግ ላይ ሲተከል ደግሞ ዓላማውም ይኸው ማድረቁ ይሆናል። በሌላ በኩል አፈሩ ለጡብ ይቆፈራል። ጡብ የሚሠራው ሰው የሚበላው እንጀራ ነውና እሱን መውቀስ አልችልም። ግን አንድ ጊዜ የተቆፈረ ረግረግ በአንድ ክረምት አይመለስም። ይህን የምጽፈው ጅማ ያላችሁ ሰዎች እንድታነቡት ነው። ሰው ከሩቅ አገር አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣለትን ወፍ እናንተ በባጃጅ ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ። እባካችሁ አንድ ጠዋት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቁጭ በሉ።

ከብቶቹ እግር ሥር ሌሎች ወፎችም ነበሩ፤ ከሎሚ የባሰ ቢጫ፣ እፍኝ የማይሞሉ፣ ጭራቸውን ሳያቋርጡ የሚያወዛውዙ። ልጁ የሰፈሩ ወፎች ይመስሉት ነበር። እንግዶች መሆናቸውን ነገርኩት። አውሮፓ ሲበርድ ይመጣሉ፤ እዚያ ሲሞቅ ይሄዳሉ። እንቁላል የሚጥሉት እዚያ ነው። እንዲህ ደምቀው የታዩት ላባቸውን ለመራቢያ ጊዜያቸው ስለቀየሩ ነው። ልጁ አንዷን ለረጅም ጊዜ አያት። "ይቺ? በረሃውን? ባሕሩንም?" አለ። አዎ አልኩት። አላመነኝም።

በሦስተኛው ጠዋት ሌሊቱን ጠርቶ ነበር ያደረው። ባለዘውዶቹ እዚያው ናቸው፤ ዛሬ ዘጠኝ ሆነዋል። ልጁ ከሩቅ አይቶኝ እየሮጠ መጣ። ከብቶቹ መሐል ገብተን ሣሩን ፈለግን። ቢጫዎቹ የሉም። አንድም።

"ሄዱ" አለኝ፣ ከእኔ ቀድሞ። "ማታ እዚህ ነበሩ።"

"ሄዱ።"

"መቼ ነው የሚመለሱት?"

"በመስከረም።"

ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ለእሷም አንድ ጣት ሰጣት።