ስድስት ሳምንት ዳቦ

ዛሬ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ ሄድኩ። ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ያዝኩ። አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ቆምኩ። መግባት አልደፈርኩም፤ ዝም ብዬ አሸተትኩ።

ነገሩ የጀመረው ከሆድ ነው። መነፋት፣ ተቅማጥ፣ ከምሳ በኋላ ድብን ያለ ድካም። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባልኩ፣ ቀጥሎ አሜባ፣ ቀጥሎ ጃርዲያ። እዚህ አገር ሆዱን የታመመ ሰው በእነዚህ በሦስቱ ሳያልፍ የትም አይደርስም። የታዘዘልኝን ሁሉ ዋጥኩ። የብረት እንክብሉም ቢሆን ደም ማነሴን ሊያነሳልኝ አልቻለም። በመጨረሻ በራሴ ሥልጣን ዳቦ፣ ፓስታና ጨጨብሳ ተውኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሆዴ ጸጥ አለ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን ታናሽ እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ኢንሱሊን የምትወጋ የስኳር ታማሚ ናት። ሐኪሜ ይህንን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንዲህ ዓይነቱ ስኳርና ሴሊያክ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይገናኛሉ አለችኝ። ሴሊያክ አለርጂ አይደለም። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ሲገባ ሰውነት በራሱ ትንሽ አንጀት ላይ የሚነሳበት በሽታ ነው። አንጀቱ ሲጎዳ ብረት በደንብ አይመጠጥም። ደም ማነሴም ከዚያ ሊሆን ይችላል።

“እሺ፣ መርምሪኛ” አልኳት።

“አሁን ብመረምርሽ ላላገኘው እችላለሁ። ስንዴ ካቆምሽ ቆይተሻል።”

ደም ውስጥ የሚፈለገው አንቲቦዲ፣ በሽታው ሲኖር ሰውነት የሚያመርተው ነገር፣ ግሉተን ሲቀር እየቀነሰ ይሄዳል። አንጀቱም ይድናል፤ በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ፣ ናሙና ቢወሰድ እንኳ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ ለስድስት ሳምንት። ከዚያ ምርመራ። ሌባ ለመያዝ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

የዘር ምርመራም አለ። እሱ ዳቦ አያስበላም። ለበሽታው የሚያጋልጠው ጂን ከሌለ ሴሊያክ የለም ማለት ይቻላል። ካለ ግን በሽታው አለ ማለት አይደለም፤ ጂኑን ይዘው ደህና የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ዋጋውን ጠየቅኩ። ወደ ዳቦው ተመለስኩ።

እማዬ አልገባትም። “ደህና ሆነሽ የለ እንዴ ልጄ? የተኛ በሽታ ለምን ትቀሰቅሻለሽ?” እውነቷን ነው። ስንዴ አልበላም ብዬ ብቀጥል ማን ይከለክለኛል? አንድ ሳምንት ሙሉ ሐሳቤ ከእሷ ጋር ነበር።

ያስቀየሩኝ እንጀራ የሚሸጡልኝ እትዬ ናቸው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እኔም በእንጀራ ተማምኜ ነበር የምኖረው። ባለፈው ቅዳሜ አምስት እንጀራ አጥፈው ፌስታል ውስጥ ሲከቱልኝ ድንገት፣ “እትዬ፣ ንጹህ ጤፍ ነው አይደል?” አልኳቸው። ሳቁ።

“ኧረ የኔ ልጅ፣ በዚህ ኑሮ! ትንሽ ገብስ ጣል አደርግበታለሁ።”

ፌስታሉን ይዤ ቀረሁ። የተጠነቀቅኩ መስሎኝ አምስት ወር ሙሉ ገብስ ስበላ ነበር። ምን ያህል እንደሆነ እሳቸውም አይለኩትም። ሴሊያክ ከሆነ ያቺ ጣል የምትደረገው ገብስ ምንም ሳይሰማኝ አንጀቴን እየጎዳችው ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ደግሞ በየሰው ቤት “ይቅርብኝ” እያልኩ ሰው የማስቀይመው በከንቱ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ጤፉን ራሱ ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ወፍጮ ቤቱን “ከእኔ በፊት ምን ፈጨህ?” ብሎ መጠየቅ አለበት። ቢራም ጠላም ሲቀርብለት ብቅሉ ከምን እንደሆነ ማሰብ አለበት። ይህን ጣጣ ዕድሜ ልኬን በግምት አልሸከምም። እህቴም መመርመር ያለባት ከሆነ የእኔ ውጤት ይገፋፋታል፤ በምክር እንደሆነ አትሰማኝም።

በቡሄ ልጀምር ወሰንኩ። ነሐሴ 13 ስድስት ሳምንት ሲደመርበት ወደ መስከረም 20 ይደርሳል። እንቁጣጣሽም መስቀልም መሃል ላይ ናቸው፤ በዓመቱ ውስጥ ዳቦ እምቢ ለማለት በጣም የሚከብደው ጊዜ ለእኔ የሐኪም ትእዛዝ ሆነ። ካልቻልኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልደውልላትና ቀድማ ደሜን ልትወስድ ተስማምተናል። እፈራለሁ። ያንን ድካም አስታውሰዋለሁ፤ ወንበር ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ማታ ለእማዬ ደወልኩ።

“ሙልሙል ስትጋግሪ ከልጆቹ ድርሻ አንድ አስቀሪልኝ።”

ረጅም ዝምታ። ሬዲዮዋ ከጀርባ ይሰማኛል።

“ጠዋት በባዶ ሆድሽ ጠበል ትጠጫለሽ” አለች። “ከዚያ ነው ዳቦው።”

“እሺ እማዬ።”