የሌሊቱ ተረኛ

ዛሬ ሆድ ብሶኛል። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባ ሲለኝ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ ከዚያ ልጅ ጋር የተለመደውን ክርክራችንን ተከራከርን። የቱ ልጅ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ማለዳ ማለዳ የዩክሬንን ካርታ የሚልክልኝ። አልተጣላንም። እንዲያውም ደህና ተጨቃጭቀን፣ ተሳስቀን ነው ስልኩን የዘጋነው። ግን ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ቁጭ አለ። ይኸው ሌሊቱ ተጋምሶ አሁንም አልተነሳም።

ክርክራችንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ በምን ይለካል የሚለው ነው። እሱ የሚቆጥረው መሬት ነው። ዩክሬናውያኑ የሚያወጡትን የዲፕስቴትን ካርታ ይከፍታል፣ ዋሽንግተን ያለው የጦርነት ጥናት ተቋም ከሚያወጣው ጋር ያስተያያል፣ ቀዩ ቀለም ትናንት የት ነበር ዛሬ የት ደረሰ እያለ ይለካል። እኔ የምቆጥረው ዩክሬን በድሮን የምትመታቸውን የሩሲያ የነዳጅ ማጣሪያዎች ነው። ሪያዛን ተመታ፣ ኪሪሺ ተመታ፣ ሳራቶቭ ተመታ እያልኩ።

እሱ ምሥራቅ ዩክሬን ያለችውን የፖክሮቭስክ ከተማ ተመልከት ይለኛል። ሌላዋ የምሥራቅ ከተማ አቭዲቪካ በሩሲያ እጅ የወደቀችው በ2024 መጀመሪያ ላይ ነው (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ከአቭዲቪካ ፖክሮቭስክ በቀጥታ መስመር 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ2025 መጨረሻ ላይም ውጊያው እዚያው ፖክሮቭስክ ውስጥ ነበር። መኪና በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው መንገድ ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ይህን ስለው "ግን ደረሱ" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ደረሱ።

እኔም አልተውኩትም። የጦርነት ጥናት ተቋሙ ራሱ ሩሲያ በ2024 ዓመቱን ሙሉ የያዘችውን ሲቆጥረው 4 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ዩክሬን ከ600 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነች አገር ናት። አንድ ከመቶም አይሞላም አልኩት። እሱ ደግሞ አንድ ሠራዊት የሚሰበረው ፐርሰንቱ ሲሞላ ሳይሆን ሰው ሲያልቅበት ነው አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ካርታው ግን ያታልላል። ይህን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ድሮ የግንባር መስመር ሲባል ምሽግ በምሽግ የተያያዘ ነገር ነበር። አሁን ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም ብዙ ኪሎ ሜትር ድረስ ድሮን የሚያድንበት መሬት ነው። ኤፍፒቪ የሚሏቸው ትናንሽ ድሮኖች አሉ፤ አብራሪው ከሩቅ ሆኖ በመነጽር እያየ ነው የሚነዳቸው። ከኋላቸው እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ የፋይበር ገመድ እየተረተሩ የሚበሩም አሉ፤ እነሱን ደግሞ በሞገድ ማፈን አይቻልም። ስለዚህ በታንክ ተሰልፎ መሄድ ቀርቷል። ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት ሆነው በእግራቸው ነው የሚገቡት፤ በሞተር ሳይክል የሚሮጡም አሉ። መንገዶች ላይ ድሮን እንዲያግድ እንደ ዳስ መረብ ተወጥሯል። የቆሰለ ሰው ከዚያ እስኪወጣ ቀናት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። አንድ ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ወታደሮች ተደብቀው ከሆነ ያ ሰፈር ምን ዓይነት ቀለም ነው የሚቀባው? ግራጫ ይሉታል። ግማሹ ጦርነት ግራጫ ውስጥ ነው ያለው።

ወደ ማጣሪያው ልመለስ። የኔ ክርክር ይህ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ እንዳለ ለማንም አይረባም። ምድጃ ውስጥ አልፎ 350 ዲግሪ ገደማ መጋል አለበት፣ ከዚያ ረጅሙ ማማ ውስጥ ይገባል። እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲወጣ እየቀዘቀዘ እንደየዓይነቱ ይለያያል፤ ቀላሉ ቤንዚን ከላይ፣ ኬሮሲን ከሱ ዝቅ ብሎ፣ ናፍጣ ደግሞ ከዚያ በታች፣ ከባዱ ዝቃጭ ከሥር። ዴፖ ቢቃጠል የሚጠፋው እዚያ የተጠራቀመው ነዳጅ ነው። ማማው ከተመታ ግን ገና ያልተጣራውም አብሮ ይቆማል። ማማ መደበቅ አይቻልም፣ ከቦታው አይነቃነቅም፣ መለዋወጫውን ደግሞ ማዕቀቡ ያከብደዋል። ለዚህ ነው 50 ኪሎ ገደማ ፈንጂ የያዘ፣ በዝግታ እንደ ሣር ማጨጃ እያጓራ የሚሄድ ድሮን አንድ ግዙፍ ፋብሪካ ለሳምንታት ማስቆም የሚችለው። በሚያዝያ 2024 የዩክሬን ድሮኖች ታታርስታን የምትባለው የሩሲያ ግዛት ደረሱ፣ ከግንባሩ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ። በ2025 ደግሞ ሳይቤሪያ ውስጥ ቲዩመን። የዚያን ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ሩሲያ በያዘችው ክራይሚያ ውስጥ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከ30 ሊትር በላይ ቤንዚን እንዳይሸጥ ተብሎ ነበር።

እሱ ይህን ሁሉ ሰምቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ታንክ በናፍጣ ነው የሚሄደው።"

ይሄኛው ከባድ ነው። ሩሲያ ቤንዚኗ ከራሷ ፍጆታ የሚተርፈው ትንሽ ነው፣ ናፍጣ ግን ከምትጠቀመው እጥፍ ገደማ ታመርታለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰለፈው የቤት መኪና ያለው ሰው ነው፣ ግንባር ያለው ወታደር ግን ናፍጣ አይጎድልበትም። ሌላም አለው። ማጣሪያው ቢቆም ድፍድፉ በመርከብ ይወጣል፣ ገንዘቡ ያው ይገባል አለኝ። በ2024 ከነዳጅና ጋዝ የሚመጣው ገቢ ከሩሲያ በጀት ሲሶ ገደማ ነበር። ዩክሬናውያኑም ይህን ስላወቁ ነው ሩሲያ ነዳጅ ወደምትጭንባቸው ፕሪሞርስክና ኖቮሮሲስክ ወደቦች ድረስ የሄዱት አልኩት።

ከዚያ ታሪክ አነሳሁ። እንደምታውቁኝ ስሸነፍ ታሪክ አነሳለሁ። ነሐሴ 1 ቀን 1943 አሜሪካኖቹ ከሊቢያ ተነስተው ሩማኒያ ውስጥ የፕሎየሽቲን ማጣሪያዎች ደበደቡ። ከ170 በላይ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተነስቶ ከ50 በላይ ቀረ፣ በአንድ ቀን። ማጣሪያዎቹ ብዙም ሳይቆዩ እንደገና ማምረት ጀመሩ። በ1944 ግንቦት ላይ ግን ሌላ ዘዴ መጣ። ጀርመን ከድንጋይ ከሰል ነዳጅ የምትሠራባቸውን ፋብሪካዎች መቱ፤ ሎይና የሚባለውን ትልቁን ደግሞ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከ20 ጊዜ በላይ ተመለሱበት። በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ይጠግናል፣ ሊያልቅ ሲል ይመጣሉ። የጀርመን አውሮፕላኖች በመጨረሻ ነዳጅ አጥተው መሬት ላይ ቀሩ።

እና እንዲህ አልኩት፦ "ቁምነገሩ አንድ ጊዜ መምታቱ አይደለም፣ ጠጋኞቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ጠብቆ መመለሱ ነው።"

አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ። ደረቴ ላይ የተቀመጠው ይህ ነው። ጠጋኞቹ ያልኩት። እንዴት ቀለል አድርጌ ነው ያልኩት።

ማታ እሱ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። የትኛው ማጣሪያ እንደሆነ አልጻፈልኝም። ከአንድ ፎቅ በረንዳ ላይ በስልክ የተቀረጸ ነው። ድሮኑ እያጓራ ይመጣል፣ የጥይት መስመሮች ሰማዩን ይጫጭራሉ፣ ከዚያ ማማው ሥር ብርሃን ይፈነዳል። እንደዚህ ዓይነት ቪዲዮ ስንት እንዳየሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ሁልጊዜ የማየው ማማውን ነው፣ ተመታ አልተመታ ብዬ። ዛሬ ግን ዓይኔ ወደ ታች ሄደ። በግራ በኩል፣ ከማማው እምብዛም ሳይርቅ፣ ዝቅ ያለች ሕንፃ አለች። አንድ መስኮቷ በርቷል።

እዚያ ማን ነው ያለው?

አባዬን የምታውቁት ይህን ለምን እንደምጠይቅ ይገባችኋል። ዕድሜውን ሙሉ የቦይለር ሠራተኛ ነበር፣ ከወር ግማሹን የሌሊት ፈረቃ። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እሱ ሊተኛ ይገባ ነበር፣ የናፍጣ ሽታው ከሱ ቀድሞ በሩን ያልፋል። አንድ ሌሊት ከቦይለሩ ቤት ጎን ያለው መጋዘን በእሳት ተያያዘ። ሰው ሁሉ ወጣ። እሱ ቀረ። ጠዋት ቅንድቡ ተለብልቦ ቤት ሲመጣ እማዬ ጮኸችበት፣ አለቀሰች፣ ልጆችህን ማን እንዲያሳድግልህ ነው አለችው። ቁጭ ብሎ ጫማውን እየፈታ "እሳቱን ሳላጠፋ፣ እንፋሎቱን ሳለቅ ወዴት ልሂድ?" አላት። ሌላ ምንም አላለም። ጥሎት ቢወጣ ቦይለሩ ይፈነዳል፣ እሳት ሊያጠፉ የመጡትን ይፈጃል። ጀግና ለመሆን አልነበረም፣ ሥራው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ማጣሪያም እንደዚያው ነው። ሳይረን ሲጮህ መብራት አጥፍቶ የሚወጣበት ቤት አይደለም። ቱቦው ውስጥ ድፍድፉ ቆሞ ምድጃው መንደዱን ከቀጠለ ቱቦው ግሎ ይቀደዳል። ስለዚህ አንድ ሰው መጀመሪያ ወደ ምድጃው የሚሄደውን ጋዝ መዝጋት አለበት፣ ፓምፖቹን በተራቸው ማቆም፣ እንፋሎት ማስገባት፣ ግፊቱን ወደ ችቦው፣ ትርፉ ጋዝ ወደሚቃጠልበት ረጅም ቱቦ፣ መልቀቅ። የሚያግዙ አውቶማቲክ መሣሪያዎች አሉ። ቢሆንም የሆነ ሰው ስክሪኑ ፊት ቆሞ መዘጋቱን ማየት አለበት። ድሮኑ ከመቶ ኪሎ ሜትሮች በላይ ሲመጣ እሱ ስንት ደቂቃ አለው? ጓደኞቹ ወደ መጠለያ ሲሮጡ "እናንተ ሂዱ፣ መጣሁ" ይላል? አባዬ ይል ነበር።

ኤንገልስ በምትባለው የሩሲያ ከተማ ጥር 2025 የነዳጅ ዴፖው በዩክሬን ድሮን ተመትቶ ለቀናት ሲቃጠል ሁለት እሳት አጥፊዎች ሞቱ። ያኔ ለዚያ ልጅ የጻፍኩለትን ዛሬ ፈልጌ አገኘሁት። ስለ ቦምብ ጣዮቹ ነዳጅ ነበር የጻፍኩት፣ የኤንገልስ አየር ማረፊያ ነዳጁን የሚያገኘው ከዚያ ነው ብዬ። ስለ ሁለቱ ሰዎች አንድ ቃል የለም።

ማን እንደጀመረው አልረሳሁም። ከዚያ አየር ማረፊያ የሚነሱት አውሮፕላኖች ናቸው ዩክሬን ላይ ሚሳይል የሚለቁት። ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በየክረምቱ የዩክሬን ኃይል ማመንጫዎች ተደብድበዋል። ኪየቭ አካባቢ ያለው ትሪፒልስካ በሚያዝያ 2024 በአንድ ሌሊት ወድሟል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በዚሁ ጉዳይ የሩሲያ አዛዦች ላይ የእስር ማዘዣ አውጥቷል። እዚያም የሌሊት ተረኛ አለ። ተርባይኑን ጥሎ የማይወጣ፣ መብራት ሲመለስ ማንም ስሙን የማይጠይቀው። ለሱ ከልቤ አዝኛለሁ፣ ጽፌም ነበር። ዩክሬን ለዚህ ሁሉ ጦርነት ነዳጅ የሚያጣራውን ፋብሪካ የመምታት መብት አላት ብዬ አምናለሁ፣ ዛሬም አምናለሁ፣ ነገም እንደዚሁ እከራከራለሁ። ሕጉም ለጦርነቱ የሚያገለግል ፋብሪካን መምታት አይከለክልም። ያው ሕግ ግን ውስጡ የሚሠራውን ሰው ሲቪል ነው ይለዋል።

እና ያ ሰው የት ነው የሚቆጠረው? በልጁ ኪሎ ሜትር ውስጥ የለም። በኔ ማጣሪያ ውስጥም የለም። ምናልባት ጦርነቱን ይደግፋል፣ ምናልባት ልጁ ግንባር ላይ ነው፣ ምናልባት ደሞዙን ብቻ ነው የሚያስበው። እሱ ያጣራው ናፍጣ ታንክ ውስጥ ገብቶ ፖክሮቭስክ ድረስ እንደሚሄድ ያውቃል። ይህን እያወቀ መሥራቱ ስንት ያህል ይመዝንበታል? አባዬስ ያ ቦይለር የሚያሞቀው ነገር ለጦርነት የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ሥራውን ይተው ነበር? አምስት ልጅ ይዞ?

ስልኬ ላይ ልጁ ካርታ ልኳል፤ ነግቷል ማለት ነው። አልከፈትኩትም። ያንን ቪዲዮ ነው እንደገና የከፈትኩት። መስኮቷ መቼ እንደምትጠፋ፣ ከፍንዳታው በፊት ይሁን በኋላ፣ ለማየት። 14 ሴኮንድ ነው። ሲያልቅ አሁንም በርታለች።