ሮኬቱ ከፍሎሪዳ፣ ጋቢው ከሱሉልታ

ለገናና ለጥምቀት ሀገር ቤት የሚገባ የፍሎሪዳ ሰው ሮኬት ሳያወራ አይመለስም። ኦርላንዶ ያለው ከበረንዳው ሆኖ እሳቱ ሲወጣ ያያል፤ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ወይም ሰንዳፋ ያሉት ዘመዶቹ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይደርሳቸዋል። ጥያቄውም ሁሌ ያው ነው፦ «እኛስ ከዚህ ሆነን አናየውም?» መነሣቱን አታዩትም፤ ማስወንጨፊያው ኬፕ ካናቬራል ከአዲስ አበባ ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የሚሸከማቸውን ስታርሊንክ የተባሉ የኢንተርኔት ሳተላይቶች ግን በባዶ ዓይን ታያላችሁ፤ ሰዓቱንና አቅጣጫውን ላወቀ ሰው ከከተማው ዳር የተሻለ ቦታ የለም።

ሰዓቱ ይቅደም፤ ብዙ ቤተሰብ በከንቱ ሲያድር የሚያነጋው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው። የሚነሣበት ሰዓት በፍሎሪዳ አቆጣጠር ይነገራል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መግቢያ ፍሎሪዳ ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በቀሩት ወራት 7። የእኛ የሰዓት አጠራር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ስለሚለይ፣ ሂሳቡ ከሚፈራው በላይ ይቀላል፦ በበጋችን በፍሎሪዳው ሰዓት ላይ 2 መደመር፣ በክረምታችን 1 መደመር። እነሱ ማክሰኞ ማታ 6 ሰዓት ካሉ፣ ሱሉልታ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ጠዋት 10 ካሉ፣ ምሽት 12 ላይ ማለት ነው። ድምሩ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀነሳል። ከካሊፎርኒያው ቫንደንበርግ ማስወንጨፊያ ለሚነሣው የሚደመረው በበጋ 5፣ በክረምት 4 ነው።

ስርጭቱን የሮኬቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ስፔስኤክስ ራሱ በድረ ገጹና በኤክስ ላይ ያስተላልፈዋል። የስታርሊንክ ሳተላይቶች ሲጫኑ ስርጭቱ የሚጀምረው ሊነሣ 5 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው፤ ዋናው ነገር ከተነሣ በ9 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ፓኬጅ ያልቃል ብሎ መሳቀቅ አያስፈልግም፤ የቪዲዮውን ጥራት 480 ላይ ካደረጉት ሩብ ሰዓቱ ከ200 ሜጋባይት አይበልጥም። ስልኩን በራሱ እንዲመርጥ ከተዉት ግን ኔትወርኩ ጥሩ በሆነበት ቅጽበት ጥራቱን ሰቅሎ ሦስት አራት እጥፍ ይበላል። መብራት እንደሚጠፋ ታስቦ ስልኩና ፓወር ባንኩ ከማታ ጀምሮ ይሞላ።

አንድ ነገር ለፍሎሪዳው ዘመድ ይነገር። ስርጭቱ ከእውነተኛው ቅጽበት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሱሉልታ ያለው ስልክ ላይ ሲደርስ ግማሽ ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል። ኦርላንዶ ያለው ሰው በዓይኑ አይቶ በስልክ «ወጣች!» ብሎ ሲጮህ፣ እማማ ስልክ ላይ ገና 20፣ 19 እየተባለ ነው። ጎረቤት በዲኤስቲቪ ቀድሞ «ጎል!» ሲል ደሙ የሚፈላ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዝም ማለት ነው መፍትሔው፤ ወይም ሁለቱም ወገን ስርጭቱን ብቻ ማየት።

አሁን ወደ ሮኬቱ። ፋልኮን 9 ቁመቱ 70 ሜትር፣ ወርዱ 3.7 ሜትር፣ ተሞልቶ ሲቆም 549 ቶን ይመዝናል፤ አብዛኛው ክብደት ነዳጅ ነው። ነዳጁ ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም፦ በጣም የተጣራ ላምባ ነው። ላምባውን የሚያነድደው ፈሳሽ ኦክስጅን ሲሆን ከዜሮ በታች 207 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ላምባው ራሱ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ይደረጋል። የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይጠጋጋል፤ በአንድ ታንከር የበለጠ ይገባል። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። መሙላት የሚጀመረው ሊነሣ 35 ደቂቃ ሲቀር ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ተበላሽቶ ቆጠራው ቢቆም፣ ኦክስጅኑ እየሞቀና እየሰፋ ስለሚሄድ «ትንሽ እንጠብቅ» አይባልም። የተሞላው ይቀዳል፣ ሰዓቱ ይዛወራል፤ አንዳንዴም ለነገ ይባላል። ሱሉልታ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተነሡ ሰዎች «ሰረዙት» ሲሉ የሚናደዱት ምክንያቱ ስለማይነገራቸው ነው። ሌላው ሰበብ የአየር ሁኔታ ነው፦ ከፍ ብሎ የሚነፍስ ነፋስ፣ የፍሎሪዳ የክረምት ነጎድጓድ፣ ወይም የሮኬቱ ታችኛው አካል ተመልሶ የሚያርፍበት ጀልባ ያለበት ባሕር መናወጥ። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለም በዚህ በመጨረሻው ሊሰረዝ ይችላል።

ሊነሣ 3 ሴኮንድ ሲቀር ዘጠኙ ሞተሮች ይቀጣጠላሉ። አረንጓዴ ብልጭታ ካያችሁ አትደንግጡ፤ ሞተሩን የሚለኩሰው፣ አየር ሲነካው ራሱ የሚነድ ኬሚካል ቦሮን ስላለበት ነው ቀለሙ እንደዚያ የሚሆነው። ከተነሣ 70 ሴኮንድ አካባቢ አየሩ ሮኬቱን ከምንም ጊዜ በላይ የሚገፋበት ቅጽበት ይመጣል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲሆን ታችኛው አካል ሞተሩን አጥፍቶ ይለያል፤ ላይኛው አካል በአንድ ሞተር ይቀጥላል። ከዚያ ሳተላይቶቹን የሸፈነው ክዳን ለሁለት ተከፍሎ ይወድቃል፤ እሱም በጃንጥላ ባሕር ላይ ያርፍና ተለቅሞ እንደገና ያገለግላል። ከዚህ በኋላ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፦ በግራ የሚመለሰው፣ በቀኝ የሚሄደው። ዓይን ግራው ላይ ይሁን።

የሚመለሰው አካል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ ነው የሚወርደው። አየር በሌለበት የሚገለባበጠው በናይትሮጅን ጋዝ ግፊት ነው፤ ነጫጭ የጭስ ትፍታ የሚመስለው እሱ ነው። ከላይ የተዘረጉት አራት ወንፊት መሳይ ክንፎች ከታይታኒየም የተሠሩ ናቸው፤ አየሩ ሲወፍር የሚመሩት እነሱ ናቸው። ስድስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሦስት ሞተሮች ለጥቂት ሴኮንድ ይነድዳሉ፤ ዓላማው ፍጥነቱን ቀንሶ ሞተሮቹ በአየር ግጭት እንዳይቃጠሉ ነው። መጨረሻ ላይ የመሐሉ ሞተር ብቻ ይበራል። አንዱ ሞተር እንኳ ባዶ ሊሆን የተቃረበውን አካል ለማንሳት አቅም ይተርፈዋል፤ ስለዚህ ሮኬቱ እንደ ሄሊኮፕተር አየር ላይ ቆሞ ማረፊያውን መፈለግ አይችልም። ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆነው እግሩ ጀልባውን በሚነካበት ቅጽበት መሆን አለበት። ትንሽ ቢቀድም ተመልሶ ይነሣል፤ ትንሽ ቢዘገይ ይከሰከሳል። ከተነሣ 8 ደቂቃ ከምናምን ላይ አራቱ እግሮች ተዘርግተው ያርፋል።

በዚህ ደቂቃ ምስሉ ቢቆም ኢትዮ ቴሌኮምን አትራገሙ። የሮኬቱ ንዝረት የጀልባውን አንቴና ስለሚያናውጠው ከዚያው የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። በቅርብ ዓመታት በጣም ተሻሽሏል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳተላይት አድርሶ የተመለሰ ሮኬት የብስ ላይ ያረፈው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2015 ነው፤ ጀልባ ላይ ደግሞ ሚያዝያ 2016። ያገለገለው እንደገና የበረረው መጋቢት 2017 ነበር። ዛሬ አንዱ አካል ከ30 ጊዜ በላይ ተመላልሷል። ላይኛው አካል ግን አይመለስም፤ በየጊዜው አዲስ ይሠራል። «ሙሉ ሮኬቱ ይመለሳል» እያላችሁ የምታወሩ ይህን አርሙ።

አይወድቅም ማለትም አይደለም። ነሐሴ 2024 ለ23ኛ ጊዜ የበረረ አካል ጀልባው ላይ ካረፈ በኋላ ተገልብጦ ተቃጥሏል። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ ላይ፣ የላይኛው አካል ኦክስጅን ማፍሰስ ጀመረ፤ ሰበቡ ግፊት የሚለካ ቀጭን ቱቦ መሰንጠቁ ነበር። 20 ሳተላይቶች በጣም ዝቅ ባለ ምህዋር ቀርተው ከባቢ አየር ውስጥ ተቃጠሉ። የካቲት 2022 ደግሞ ሮኬቱ ምንም አልሆነም፤ የፀሐይ ማዕበል ከባቢ አየሩን አሙቆ ስላሳበጠው ከ49ኙ ሳተላይቶች እስከ 40 የሚደርሱት መውጣት አቅቷቸው ወደቁ።

እኛን ይበልጥ የሚነካን አደጋ ግን የመስከረም 1 ቀን 2016ቱ ነው፤ ይህም በእነሱ አቆጣጠር። ለሙከራ ነዳጅ እየተሞላ ሳለ ሮኬቱ ማስወንጨፊያው ላይ እንዳለ ፈነዳ። የተጫነው አሞስ 6 የተባለው የእስራኤል ሳተላይት ሲሆን፣ ፌስቡክ ከሰሃራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ሊያዳርስበት የተዋዋለው ነበር። የተገኘው ምክንያት፣ ኦክስጅን ታንከሩ ውስጥ በሚቀመጡት የሂሊየም ጠርሙሶች ሽፋን መሐል ኦክስጅን ገብቶ መታሰሩና መቀጣጠሉ ነው። የኛዋ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ 1 በሌላ መንገድ ነው የሄደችው፦ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና፣ በማይመለስ ሮኬት። የመረጃ መቀበያ ጣቢያዋ የተሠራው እንጦጦ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሰማይ። የስታርሊንክ ሳተላይቶች ከተነሡ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ በአንድነት ይለቀቃሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተከታትለው ስለሚሄዱ መቁጠሪያ ላይ የተሰካ ዶቃ ይመስላሉ። የሚበሩት የራሳቸው መብራት ኖሯቸው ሳይሆን የፀሐይ ብርሃን መልሰው ነው። ለዚህ መሬት ላይ ጨለማ፣ እነሱ ያሉበት 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ገና ፀሐይ መሆን አለበት። አዲስ አበባ አካባቢ ይህ የሚሆነው ፀሐይ ከገባች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጀምሮ ለአርባ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል፣ ወይም ንጋት ላይ ፀሐይ ሳትወጣ በተመሳሳይ ጊዜ ነው። በበጋ በግምት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ጠዋት ደግሞ ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ማለት ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ውጭ ቆሞ መጠበቅ ብርድ መብላት ብቻ ነው፤ እነሱም በምድር ጥላ ውስጥ ናቸው።

በትክክል መቼ እንደሚያልፉ ሄቨንስ አባቭ የተባለው ድረ ገጽ ይናገራል። የሱሉልታን ቦታ ሰሜን 9.18፣ ምሥራቅ 38.76 ብላችሁ አስገቡ፤ የሰዓት ቀጠናውን የምሥራቅ አፍሪካ አድርጉ፤ የሚሰጣችሁን ሰዓት በ6 ቀይሩ። ከአድማስ ከፍታው 30 ዲግሪ ያልደረሰውን ተዉት፤ በጋራና በጭጋግ ይሸፈናል። ድረ ገጹ የሚሰጠው የብርሃን መጠን አኃዝ ባነሰ መጠን ድምቀቱ ይበልጣል፤ ይህን ገልብጦ የሚረዳ ብዙ ነው። በ53 ዲግሪ ያጋደለ ምህዋር ላይ ያሉት እዚህ የሚታዩት ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወይም ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲሄዱ ነው።

ቦታን በተመለከተ ሱሉልታ ትበልጣለች፤ የከተማውን መብራት የእንጦጦ ጋራ ከደቡብ ይጋርደዋል፣ ሰሜኑ ክፍት ነው። ለገጣፎና ሰንዳፋ ያላችሁ ጀርባችሁን ለምዕራብ ስጡ። እንጦጦ ጫካ ውስጥ መግባት አንመክርም፤ ጅቡ ተረት አይደለም። የግቢ ጣሪያ ወይም ከበር ወጣ ያለ ሜዳ ይበቃል። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ውርጭ ስለሚያወርድ ጋቢ ሳይደርቡ አይወጣም። የግቢው መብራት ይጥፋ፣ ዓይን ጨለማ እስኪለምድ 15 ደቂቃ ስልክ አይነካ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ደመናው ስለማያስገባ ባትደክሙ ይሻላል።

ቀይና አረንጓዴ እያብለጨለጨ የሚሄደው ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ነው። ብቻውን፣ ሳያብለጨልጭ፣ ደምቆ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ የጠፈር ጣቢያው ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ሰማያዊ ነጭ ጠመዝማዛ ጭጋግ ይታያል፤ ሰኔ 2022 ኒው ዚላንድ፣ መጋቢት 2025 አውሮፓ ላይ ታይቶ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ላይኛው አካል ሥራውን ጨርሶ እየተሽከረከረ የቀረ ነዳጁን ሲለቅ፣ ነዳጁ በርዶ ፀሐይ ስታበራው ነው። ሰፈሩን «ምልክት ነው» ብሎ ከማወክ በፊት የዚያን ቀን ምን እንደተነሣ ማየት።

ለፎቶ ስልኩ ድንጋይ ላይ ተደግፎ በሌሊት ሞድ እስከ 10 ሴኮንድ ይያዝ፤ በእጅ ከሆነ ዶቃው ሁሉ ይደበዝዛል። አንድ ዶቃ ሰማዩን ለማቋረጥ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይወስድበታል፤ ሰንሰለቱ ግን በመጀመሪያው ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚያምረው። ከዚያ እያንዳንዱ ሳተላይት በራሱ ሞተር እየወጣ ይበታተናል፤ መደበኛ ከፍታው ላይ ሲደርስ እናንተ ሱሉልታ፣ ልጃችሁ ኦርላንዶ ሆናችሁ ብትፈልጉትም በባዶ ዓይን ለማግኘት ያስቸግራል።