የእናቴ ስለት በእኔ አንደበት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት የምጽፈው ስለት ለመፈጸም ነው። ስለቱን የተሳለችው እናቴ ናት። በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማ ወደ ቁልቢው ገብርኤል ስትለምን ጃንጥላና ጧፍ ብቻ አልተሳለችም፤ «ልጄን ካተረፍክልኝ ያደረግህልኝን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» ብላለች። እናቴ ግን ዓይን አፋር ናት፤ በሰንበቴ ማኅበር እንኳ ድምፅዋ ከአጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት ብቻ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ጃንጥላውን እርሷ አስገባች፣ መናገሩን ለእኔ ሰጠችኝ። ላዳነኝ አምላክና ለላከልኝ መልአክ በደስታ እናገራለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር፤ እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ሳለሁ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ እናቴ እንጀራ እየጋገረች ከዚራ አካባቢ ላሉ ምግብ ቤቶች በማስረከብ አሳደገችን። የድሬዳዋን የግንቦት ሙቀት የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ላይ የምጣድ እሳት ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል መገመት ይችላል። የእኔ መመረቅ ለቤታችን ምን ማለት እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የአካውንቲንግና ፋይናንስ አራተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በመጨረሻው ሴሚስተር ቀሪ ኮርሶች አሉ፣ የመመረቂያ ጥናት አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይህን ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ የተማርነው ሁሉ፣ የወጪ ሂሳቡ፣ ኦዲቱ፣ ታክሱ፣ በኮምፒውተር ፊት በአንድ መቀመጫ ይጠየቃል። የወደቀ ዳግመኛ መፈተን ይችላል፤ ነገር ግን እናቱ ምጣድ ዳር የምትጠብቀው ልጅ ዳግመኛ የሚባል ነገር ማሰብ አይሆንለትም። በዚያ ሰሞን ጠዋትም ማታም የምጸልየው ጸሎት አጭር ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ ሰኔን አሳልፈኝ።»

ትኩሳቱ የጀመረኝ በግንቦት መጨረሻ፣ ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ ነው። ማታውን አጥንቴ ሁሉ የተፈጨ መሰለኝ። ከዓይኔ ኳስ በስተጀርባ ያለው ሕመም ግን ከሁሉም ይብስ ነበር፤ ብርሃን ማየት፣ ፊደል መከተል ጨርሶ አልቻልኩም። ወባ ነው ብለን ተመረመርኩ፤ ወባ አልተገኘም። እናቴ ለአጥንቱ ሕመም ጠንከር ያለ ማስታገሻ ልትገዛ ሰፈራችን ወዳለው ፋርማሲ ሄደች። ባለሙያው ምልክቱን ጠይቋት «እናቴ፣ በዚህ ሰሞን ለእንዲህ ዓይነት ትኩሳት እርሱን አልሸጥልሽም፤ ደም ያስፈስሳል። ፓራሲታሞል ብቻ ስጫት፣ ውኃ በብዛት ትጠጣ፣ ወደ ሐኪም መልሰሽ ውሰጃት» አላት። ይህን ሰው ከዚያ ቀን በፊት አናውቀውም ነበር። ያን ቀን ሌላ ሰው ተረኛ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር አጋጣሚ ማለት አይሆንልኝም።

ደንጊ ነበር። በከተማችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ በሽታ ነው፤ በ2011 ክረምት ደግሞ በምልክቱ የሚመስለው ቺኩንጉንያ ስንቱን ቤት እንዳዳረሰ የድሬዳዋ ሰው አይረሳውም። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ነው፤ የምትናከሰውም በቀን ነው። የቧንቧ ውኃ እየተጠበቀ በሚቀዳበት ሰፈር ደግሞ በርሜል የሌለው ቤት የለም። ይህን የምጽፈው ለሚያነብ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው፤ በርሜላችሁን ክደኑ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳቱ ወረደ። እናቴ እልል አለች። እኔም መጽሐፌን ፈለግሁ። ግን በዚያው ዕለት ድዴ መድማት ጀመረ፣ ሆዴን አመመኝ፣ ክንዴ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ወጡ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ አደገኛው ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ የሚመጣው መሆኑን ነገረን። በዚያን ጊዜ ፈሳሹ ከደም ሥር ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ ደምን የሚያረጋው ፕላትሌት የሚባለው ክፍልም ይቀንሳል። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ቢያንስ 150 ሺህ መሆን የነበረበት በእኔ ወደ 19 ሺህ ወርዶ ነበር። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ የሐኪሞቹ ሥራ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ እየለኩ መጠበቅ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ምንም ሳይደብቀን፣ ነገር ግን በርኅራኄ ነገረን። ደም ሊያስፈልግ ስለሚችል ለጋሾችን አዘጋጁ አለ።

ይህ በተሰማ በሰዓታት ውስጥ የክፍሌ ልጆች መጡ። ጥናታቸውን ጥለው፣ ፈተናቸው ደጅ ላይ ሆኖ፣ ተሰልፈው ደም ሰጡ። ለእኔ ደም መውሰድ ሳያስፈልገኝ ቀረ፤ የሰጡት ደም ለሌሎች ሕመምተኞች ዋለ።

አሁን ልናገረው የሚከብደኝ ቦታ ላይ ደረስኩ።

ከአልጋዬ ቀጥሎ በዚያው ሕመም የተኛች ታዳጊ ነበረች። ከእኔ ታንሳለች። ደህና በነበረችባቸው ሰዓታት በዓይን ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር፤ ሁለታችንም ለመናገር አቅም አልነበረንም። እናቷና እናቴ ግን አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከአንድ ፔርሙዝ ሻይ ይጠጡ ነበር። አንድ ሌሊት ያች ልጅ ዐረፈች። የእናቷን ጩኸት ሰማሁት። ከዚያ እናቴ ወደ አልጋዬ ስትመለስ ፊቷን አየሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የፈራ ሰው አይቼ አላውቅም። እጄን ይዛ ጸሎት ልትጀምር ሞከረች፣ ቃሉ ጠፋባት።

በዚያች ሰዓት ወደ ልቤ የመጣው የቂርቆስና የኢየሉጣ ታሪክ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ንጉሡ በፈላ ውኃ ሊጥላቸው ሲል፣ እናቲቱ የውኃውን ድምፅ ሰምታ ልቧ ራደ። ያጽናናት የሦስት ዓመት ልጇ ነው፤ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ያዳነ አምላክ እኛንም ያድነናልና ጨክኚ አላት። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤልም ወርዶ የፈላውን አቀዘቀዘው። ሐምሌ 19 የምናከብረው ይህንን ነው። እኔ የሦስት ዓመት ሕፃን አልነበርኩም፤ ዲግሪ ልትቀበል የቀረበች ሴት ነበርኩ። ነገር ግን እናቴን ማጽናናት ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ በግልጽ ተሰማኝ። «እማዬ፣ አይዞሽ፤ መልአኩ እዚህ አለ» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ሲወጣ ግን እውነት እንደሆነ አውቄ ነው የተናገርኩት።

እርሷ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ስለቷን ስትሳል እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ስጸልይ የነበረው ስለ ሰኔ ነበር፤ ስለ ፈተናው፣ ስለ ጋዋኑ፣ እናቴ ስለምትለብሰው አዲስ ቀሚስ። የእነዚያን ከእሳት የዳኑ ሦስት ወጣቶች፣ የሠለስቱ ደቂቅን መልስ ግን አሰብኩ። ናቡከደነፆር ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ቀጥለውም ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉ። ብዙ ጊዜ ተሰብኮልኛል፤ ለራሴ ያልኩት ግን ያን ሌሊት ነው። «ጌታዬ፣ ልታድነኝ ትችላለህ። ባታድነኝም ያንተ ነኝ። እናቴን ግን አደራ» አልኩ። ወዲያው አንድ ዓይነት ሰላም ገባብኝ። ሕመሙ አልቆመም፣ ድዴም ገና ይደማ ነበር። ፍርሃቱ ግን ከእኔ ወጣ። እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ከታመምኩ ጀምሮ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ለእኔ የጸሎቴ መልስ የመጣው በዚያ ሰዓት ነው፤ ፕላትሌቱ መውጣት ከመጀመሩ በፊት። ሰዎች ምስክርነቴን ሲሰሙ ደሜ ሲስተካከል ያለውን ክፍል ይወዱታል። እኔ ግን ሁልጊዜ ወደዚያ እንቅልፍ እመለሳለሁ። ሦስቱ ወጣቶች እኮ ከእሳቱ ውጭ አይደለም የዳኑት፤ እሳቱ ውስጥ ገብተው ነው አራተኛውን፣ ሊያድናቸው የወረደውን መልአክ ያገኙት።

ጠዋት በተወሰደው ምርመራ ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። በማግሥቱ የበለጠ ከፍ አለ። ድዴ መድማቱን አቆመ። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ እየሳቀች መጣች፤ እናቴ እጇን ልትስም ስትል ሸሸቻት።

አንድ የማከብረው ዘመዴ በኋላ «ያዳነሽ ግሉኮሱ ነው» ብሎኛል። ለእርሱ የመለስኩለትን እዚህም እላለሁ። ግሉኮሱን የሰቀሉልኝን፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠብታውን የቆጠሩልኝን ሰዎች እስከ ዕለተ ሞቴ እመርቃቸዋለሁ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለመድኃኒትን እንድናከብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል። ፋርማሲው ውስጥ የቆመው ሰው፣ ወጣቱ ሐኪም፣ ተሰልፈው ደም የሰጡት ልጆች፣ እነዚህን ሁሉ በየቦታቸው ያቆመ አለ። እኔ የማመሰግነው እነርሱንም ነው፣ ያቆማቸውንም ነው።

ከሆስፒታል ስወጣ ለፈተናው የቀረው ጊዜ በጣም ጥቂት ነበር። የዓይኔ ሕመም አልተወኝም፤ ገጽ ስገልጥ ያጥወለውለኛል። የመመረቂያ ጥናቴን አማካሪዬ ተራዬን ወደ መጨረሻ አዛውሮልኝ በወንበር ላይ ተቀምጬ አቀረብኩ። የመውጫ ፈተናውን ግን ማን ያነብልኛል? ይህንን ነው የክፍሌ ልጆች ያደረጉት። ኮርሶቹን ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ የደረሰውን ምዕራፍ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ድምፁን ቀድቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማ ነበር። የኦዲቱን ክፍል ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ሙስሊም ናት፤ መጋላ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ከመስጊድ አጠገብ ስለሆኑ በብዙዎቹ ቅጂዎች ውስጥ አዛን ይሰማል፤ እርሷም አዛኑ እስኪያልቅ ዝም ብላ ትቆይና «እሺ፣ ወደ ውስጥ ቁጥጥር እንመለስ» ትላለች። እናቷም በየሶላቱ ዱዓ ታደርግልኝ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው በዚህ አይገረምም፤ ለሌላው አገር አንባቢ ግን ይህንንም ልመሰክር እወዳለሁ።

ፈተናው ላይ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ተቀመጥኩ። ጥያቄዎቹን ሳነብ በጓደኞቼ ድምፅ ነበር የሚመጡልኝ። ውጤቱ ሲወጣ ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት፤ ማንበብ ስለማትችል ለታናሽ ወንድሜ አሳለፈችው። 63 ነበር። ወንድሜ ጮኸ፣ ጎረቤት ሁሉ ሮጦ መጣ፤ ቡናው በዚያች ደቂቃ ተጣደ። የክፍሌ ልጆችም አብረውኝ ተመረቁ። ለእኔ ሲሉ ያጡት ጊዜ እንዳይጎዳቸው የጸለይኩት ጸሎት ከራሴ ውጤት ይልቅ ያስጨንቀኝ ነበርና ይህንንም እንደ ሁለተኛ ምላሽ እቆጥረዋለሁ።

ሐምሌ 19 ቁልቢ ወጣን። ከድሬዳዋ ሙቀት ተነሥተን የደንገጎን ዳገት ስንወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ራስ መኰንን ከተከሉት ደብር ስንደርስ ጋቢ ለብሰንም እንንቀጠቀጥ ነበር። ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ በእግር የመጣ አለ፣ በስለት የተወለደ ልጁን ለክርስትና የያዘ አለ። እናቴ ጃንጥላውን አስረክባ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እልል አለች። ሁለተኛ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታሰማ ያየኋት ያኔ ነው፤ የመጀመሪያው ትኩሳቴ የወረደ ቀን ነበር።

ያች ታዳጊ ግን አልተመለሰችም። ለምን እኔ ተረፍኩ፣ ለምን እርሷ ሄደች ለሚለው መልስ የለኝም፤ መልስ አለኝ የሚል ሰው ሲያጽናናኝም ዝም ማለትን እመርጣለሁ። እናቴ እስከ ዛሬ በየወሩ በ19 ከቅዳሴ ስትመለስ እንጀራና ዳቦ ይዛ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ቡና አፍልተው አብረው ይውላሉ። እኔም ከሥራ ሳርፍ አብሬያት እሄዳለሁ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በየእምነታችሁ ስትጸልዩ ያችን እናት አስቡልኝ።